ማኅሌቱን የሚያደርስ ባትሪ

ታላቅ ወንድሜ ባትሪ የሚፈትነው በአንድ የመኪና ፊት መብራት ነበር። መብራቱ ከተጣለ አሮጌ ፒካፕ ላይ የተነቀለ ነው። ጣውላ ላይ አስሮ፣ ሁለት ሽቦ አውጥቶለት፣ ሱቃችን በር ላይ ሰቀለው። ሱቃችን ባሕር ዳር ነው፤ የደሴት ጀልባዎች ከሚቆሙበት ብዙም አይርቅም። ከጀልባ የወረደ ሰው ባትሪውን በትከሻው ወይም በጋሪ ይዞ ይመጣል። ወንድሜ ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ፣ ትንሽ አሳርፎ፣ ከመብራቱ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ባለቤቱ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሻይ ይመጣል፤ ወሬም ይመጣል። መብራቱ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ እየቆየ ቢጫ ይሆናል። የእንቁላል አስኳል ሲመስል ወንድሜ ሽቦውን ይነቅለዋል። ከዚያ ካለፈ ባትሪው ይጎዳል ይል ነበር።

ውጤቱን በቁጥር አይናገርም። ለአሳ አጥማጁ «መረብህን ጥለህ እስክታወጣ ያበራልሃል» ይለዋል። ለሻይ ቤቷ ባለቤት «የመጨረሻው ደንበኛሽ እስኪነሳ ይቆያል፤ አልነሳም ካለ ግን ጥፋቱ የባትሪው አይደለም» ይላታል። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ሌላ መለኪያ አለው። ደሴቶቹ ላይ ድምፅ ማጉያው የሚሠራው በሶላር በተሞላ ባትሪ ነው። በንግሥ በዓል ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል፣ ሲነጋ ቅዳሴ ይገባል። ስለዚህ «ይሄ ማኅሌቱን ያደርሳችኋል፤ ለቅዳሴው ግን በራሳችሁ ጉሮሮ» ይላቸዋል። ካህናቱ እየሳቁ ይሄዳሉ።

ክረምት ላይ ታመመ። ሕመሙ ብዙ አልቆየም። እሱም አልቆየም። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልሁም፤ ሞክሬ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ እንድንመልስ ፈለገች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነበርሁ። ሥራውን እሱ ሲሠራ አይቻለሁ እንጂ ብቻዬን ሠርቼው አላውቅም። «እስኪ ትንሽ ልሞክረው» አልኋት። እሺም እንቢም አላለችም። ቁልፉን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፤ እኔም አነሳሁት።

የወንድሜ ደንበኞች መጡ። «ነፍስ ይማር» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ አጽናኑኝ። ባትሪያቸውን ግን ወደ ትልልቆቹ ሱቆች ወሰዱት። አልፈርድባቸውም። መብራቱን እኔም ማገናኘት አያቅተኝም። አስኳል መምሰሉን የሚያውቀው ግን የእሱ ዓይን ነበር። አንድ ቀን «አሁን ነው» ብዬ ሽቦውን ስነቅል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጀልባ ነጂ መብራቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ አስኳል ከሆነ ዶሮዋ ታማለች» አለኝ።

ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እዚያ ሱቅ ውስጥ የሳቅሁት ያኔ ነው መሰለኝ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ገባኝ። በዓይኔ አልችለውም። መሣሪያ ያስፈልገኛል።

በዚያው ሰሞን ከደቅ ደሴት መርጌታ መጡ። እሳቸው እዚያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ማኅሌት የሚመሩ ሊቅ ናቸው፤ የወንድሜ የረጅም ጊዜ ደንበኛ። ሁለት ባትሪ አሸክመው ነበር። አንዱ አሮጌ ነው፣ ጎኑ የተፋፋቀ። ሌላው ገና የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ምዕመን ከከተማ ገዝቶ የሰጣቸው። ንግሣቸው ቀርቧል። ከሁለቱ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ሌሊቱን ሙሉ መሸከም አለበት። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ሁለቱም የማይችሉ ከሆነ ከትልቁ ሱቅ አዲስ ሊገዙ ነው።

«ወንድምህ ያለውን እንሰማ ነበር» አሉኝ። «አሁን አንተ ትላለህ፤ እኛም እንሰማለን። ብቻ አደራ። ድምፁ ማኅሌት መሐል የጠፋ እንደሆነ፣ መጥፋቱ ነው ለደሴቱ ሁሉ የሚሰማው።»

እሳቸው ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሱቃችን ሥራ አብዛኛው ከደሴቶቹ ነው። የመርጌታ ማጉያ በበዓሉ ሌሊት ዝም ካለ ከደቅ የሚመጣልኝ ሰው የለም። ቁልፉም ወደ አከራዩ ይመለሳል። የሚቀጥለው ጀልባ እስኪመጣ ጊዜ ስጡኝ አልኋቸውና ባትሪዎቹን ትተውልኝ ሄዱ።

ሁለቱንም ባጃጅ ላይ ጭኜ ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ሐጂ ገበያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ወንድሜን ይወዱት ነበር። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ዕቃው እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል። የፈለግሁትን ስነግራቸው መጀመሪያ ስልክ የምታክል መሣሪያ አወጡ። ሁለት መቆንጠጫ አላት። ባትሪው ላይ አያይዘው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ወዲያው ቁጥር ወጣ፣ ቀጥሎም አረንጓዴ ምልክት። ሁለቱም ባትሪዎች ጥሩ ናቸው አለች። አዲሱ እንዲያውም ከአሮጌው በለጠ።

«ይኸው» አሉ ሐጂ። «ሻዩ ሳይመጣ አለቀ።»

በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ልወስዳት እጄን ስዘረጋ ግን ስለ ሻዩ ያሉት ነገር አቆመኝ። እኛ ሱቅ ሻዩ ነው የሚቀድመው። ይህች መሣሪያ ባትሪው ምን ያህል ሰዓት እንደሚሠራ ትናገራለች ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን አትናገርም። ጤነኛ ነው ትላለች እንጂ» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ጤነኛ ሆኖ ደግሞ ከምሳ በኋላ የማይሠራ አለ። እኔም ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ።»

ሁለተኛው መሣሪያ ከባድ ነበር። እጀታ አለው፣ ውስጡ እንደ ምድጃ የሚግል ጥቅል ሽቦ። ባትሪውን ለአፍታ በኃይል ይስበዋል። ሐጂ ሲያሳዩኝ የትኩስ ብረት ሽታ ሱቁን ሞላው። የሚያገለግለው የመኪና ሞተር ማስነሳት የሚችልና የማይችል ባትሪ ለመለየት ነው። መርጌታ መኪና አያስነሱም አልኋቸው።

«እሳቸው የሚያስነሱት የተኛ ምዕመን ነው» አሉ ሐጂ፣ መሣሪያውን ወደ ቦታው እየመለሱ። «እሱ ደግሞ ለአፍታ ተስቦ አይነሳም።»

ሦስተኛውን ከላይኛው መደርደሪያ በመሰላል አወረዱት። አቧራ ለብሷል። ማራገቢያ ያለው ሣጥን ነው። ምን ያህል አምፒር እንዲስብ ትነግረዋለህ፣ ስንት ቮልት ላይ እንዲያቆም ትነግረዋለህ። ከዚያ የነገርኸውን ያህል ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይስባል። ባትሪው የሰጠውን ይቆጥራል። የተባለው ቮልት ላይ ሲደርስ ራሱ ያቆማል፤ ባትሪው አይጎዳም። ሐጂ እያስረዱኝ ሳለ የበሩ ላይ መብራታችን ትዝ አለኝ። ወንድሜ በዓይኑ ያደርግ የነበረውን ነው ይህ ሣጥን በቁጥር የሚያደርገው።

ማንም አልገዛውም አሉኝ። አንዱን ባትሪ ለመፈተን ቀኑን ይፈጃል። ሰው ደግሞ ቸኩሏል።

«እኛ ሱቅ አግዳሚ አለ» አልኋቸው።

ሐጂ አዩኝ። መጀመሪያ ወስጄ እንድሞክረው፣ ካልሆነልኝ እንድመልሰው ተስማማን። ሣጥኑን ይዤ ስወጣ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ስንት አምፒር ይሳብ ልበለው? የመርጌታ ማጉያ ምን ያህል እንደሚበላ አላውቅም። ደወልሁላቸው። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነበረ፣ ግን በሰው እጅ ብዛት ተፋፍቆ ጠፍቷል አሉ። ስለዚህ ከሐጂ ሽቦ አቅፎ የሚለካ አምፒር መለኪያ ተውሼ፣ ከሱቅ አንድ ትንሽ ባትሪ ይዤ ወደ ደቅ ተሳፈርሁ።

ጀልባው ላይ ከሰው በቀር የዱቄት ጆንያና አንድ ፍየል ነበር። ከወንድሜ ጋር ስንሄድ ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያስቀምጠኝ ነበር፤ የሐይቁ ውሃ እኔን እንዲመታኝ። እሱ ከጀርባዬ ሆኖ ደረቁ ቦታ ይደርሰዋል። ያን ቀን ቦታ መምረጥ እችል ነበር። እዚያው ተቀመጥሁ። ደቅ ስንደርስ ሸሚዜ በጠቅላላ ረጥቦ ነበር፤ ፍየሏ እንኳ ከእኔ ትሻል ነበር።

ማጉያውን ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አውጥተው ዛፍ ሥር አስቀመጡልኝ። ባትሪውን አገናኘሁ፣ መለኪያውን ሽቦው ላይ አቀፍሁ። መርጌታ ድምፅ መቀበያውን ይዘው «አንድ፣ ሁለት» አሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነበር። እንደ በዓሉ ያድርጉት አልኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዜማ ጀመሩ። ቁጥሩ ተነሳ። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ወረደ። ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ ወጣ። ዓይናቸው መለኪያው ላይ ሆነ። ሆን ብለው አንዱን ቃል ስበው ስበው አወጡትና ቁጥሩ አብሯቸው ሲወጣ ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁም በማጉያው ተሰማ።

«ይሄማ ባትሪውን ሳይሆን እኔን ነው የሚለካው» አሉ።

አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ዲያቆን ልሞክር አለ። ቁጥሩ ከመርጌታ በለጠ። መርጌታ ይሄ ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም አሉ። መለኪያው ግን ልዩነቱን አላወቀም። እኔ የዲያቆኑን ቁጥር ያዝሁ። በከፍተኛው ልፈትን፣ ከዚያ ቢያንስ ይሻላል ብዬ ነው።

ጀልባው እስኪመለስ ከመርጌታ ጋር ቁጭ ብለን ንፍሮ በላን። ወንድሜን አነሱት። 

«ማኅሌቱን ብቻ ያደርሳል እያለ የፈተነልን ባትሪ ሁሉ ቅዳሴ ውስጥ ያስገባን ነበር» አሉኝ። «አንድም ቀን ከተናገረው አልጎደለም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። እኛ እናውቅ ነበር። ለእሱ ግን ማወቃችንን አልነገርነውም፤ ይተወዋል ብለን ፈርተን።»

ይህን አላውቅም ነበር። እኔ እዚያው ሱቅ ውስጥ እየዋልሁ፣ አስኳል ሲመስል የሚነቅለው ባትሪው እንዳይጎዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያስቀረውን እየቆጠረ አይነግራቸውም ነበር። በመመለሻው ላይ ደረቁን ቦታ ያዝሁና እሱን እያሰብሁ መጣሁ።

በማግሥቱ ሣጥኑን አዲሱ ባትሪ ላይ አገናኘሁት። የዲያቆኑን ቁጥር ሰጠሁት። ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ሰዎቹ እንደ ድሮው መጥተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ጀልባ ነጂው ሣጥኑን ዞሮ አየው።

«የሚበራ ነገር የለውም?»

ቁጥር ነው ያለው አልሁት። ቢያንስ የወንድሜን መብራት ጎን ለጎን ላገናኝለት ጠየቀኝ፤ የሚያዩት ነገር እንዲኖር። እኔም ሽቦውን አንስቼ ነበር። መብራቱም የራሱን እንደሚስብ፣ ቆጠራው እንደሚበላሽ ትዝ ሲለኝ መለስሁት።

«ሻዩስ ቀርቷል?»

«ሻዩ አለ» አልሁት። ተቀመጠ።

ያ የሚያብረቀርቀው፣ ትንሿ መሣሪያ ያበለጠችው ባትሪ ገና ሰዎቹ ለምሳ ሳይነሱ ቆመ። ማራገቢያው ዝም ሲል ሁላችንም ወደ ሣጥኑ ዞርን። የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አየሁት። አልተበላሸም። ባትሪው ነው የጨረሰ። በሚቀጥለው ቀን አሮጌውን አገናኘሁ። እሱ ምሳ አለፈ፣ ከሰዓት አለፈ፣ ሻይ ጠጪዎቹ ተራ በተራ ሄዱ። ጀልባ ነጂው ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ እንኳ ማራገቢያው ይዞር ነበር። ሲቆም ቁጥሩን አይቼ አሰብሁ። ማኅሌቱን ያደርሳል። ቅዳሴውንም ያደርሳል። ትንሽም ይተርፋል።

መርጌታ በጀልባው መጡ። ሁለቱ ባትሪዎች ሞልተው በሩ ላይ ይጠብቋቸው ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እህስ፣ ምን ትላለህ?»

ቁጥሩ በእጄ ነበር። ላሳያቸው እችል ነበር። እጄን አሮጌው ባትሪ ላይ አደረግሁ።

«ይሄኛው ማኅሌቱን ያደርሳችኋል። ያኛው ለዕቃ ቤቱ መብራት ይሁን።»

«ቅዳሴውንስ?»

«ለቅዳሴው በራሳችሁ ጉሮሮ» አልኋቸው።

ቆይተው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ እንደ ዛፉ ሥር ሳቅ ከፍ ብሎ አይደለም፣ ዝቅ ብሎ። አዲስ ባትሪ አልገዙም። አሮጌውን ራሳቸው አቅፈው እስከ ጀልባው ወሰዱት፣ ለሌላ ሰው አልሰጡም።

የንግሡ ዕለት ጠዋት ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብዬ ከፈትሁ። ሥራ አልነበረም። ሣጥኑን ወለወልሁት፣ ቀድሞም ንጹሕ ነበር። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ከፍ ስትል ስልኬ ጮኸ። መርጌታ ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ ወጥተው ነበር የደወሉት።

«ስማ» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ስልኩን ወደ ማጉያው አዞሩት መሰለኝ፤ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ዲያቆን ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እንደ ዛፉ ሥር ቀን ነው፣ ጉልበቱን አላስቀረም። ጀልባ ነጂው ከአግዳሚው ላይ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ቅዳሴ ገብተዋል» አልሁት።

 ወደ ሻይ ቤቱ ዞረና በጣቱ ሁለት አለ።

ቀትር ላይ እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። በሩ ላይ የተሰቀለውን መብራት አየች፣ ቀና ብላ ቆየች። ስለ ቁልፉ አልጠየቀችኝም። ሣህኑን ሣጥኑ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ማራገቢያውን እንዳትሸፍነው ነገርኋትና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቅሁላት።