ሜዳውን ማን አየልህ?

አያቴ የኳስ ሕግ አያውቁም ነበር። ጎል ሲገባ የሚያጨበጭቡት ሰው ሲያጨበጭብ አይተው ነው። በከተማችን በሽንፋ ግን እርሳቸው ሳያዩት ሜዳ የሚረግጥ ተጫዋች አልነበረም።

የእኛ አገር ጥቁር ዋልካ መሬት ክረምቱ ሲወጣ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አያቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አካፋ ይዘው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞራሉ፤ ስንጥቁን አንድ በአንድ በአፈር ይደፍናሉ። ሲጨርሱ "በሉ ሩጡ!" ይላሉ። ያን ሳይሉ ጨዋታ አይጀመርም።

እኔ ኮሌጅ ገብቼ ለቡድኑ ስጫወት የጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ ኳስ ከእንግዲህ እንደማልጫወት ነገረኝ። በምርኩዝ ቤት ስገባ አያቴ ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ይዘው "ሜዳውን ማን አየልህ?" አሉኝ።

"አባባ፣ የዚያ ሜዳ ሣር ነው፤ ስንጥቅ የለውም።"

"ይኑረው አይኑረው ማን አየው?" አሉና አንገታቸውን ደፉ። "እኔ መምጣት ነበረብኝ።"

እሑድ ሲደርስ አካፋቸውን አነሡ። "ከእንግዲህ ለማን ብለው ነው የሚደክሙት?" አልኋቸው።

"የሚሮጥ ጠፋ እንዴ?"

ያን ሁሉ ዘመን ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እስካሁን ይገርመኛል፤ ስማቸውን እንኳ የማያውቁትን ልጆች እግር ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

ከአርባቸው ተዝካር በኋላ ባለው እሑድ አካፋቸውን ይዤ እያነከስሁ ወረድሁ። ሁለቱም ቡድኖች ማልያ ለብሰው ከመስመሩ ውጭ ቆመዋል፤ አንድም ሰው አልገባም። ዞርሁ፣ ደፈንሁ። ስጨርስ ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል።

አካፋውን ተደግፌ "በሉ ሩጡ!" አልሁ።