ልጆቹ ሁሉ ፕላስተር የተለጠፈላቸው ቀን

በዚያ ቀን ቢቸና፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አማቴ ከልጅ ልጃቸው ጋር፤ እኔ ሆዷን ሲያማት ከሰነበተች ልጄ ጋር፤ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ድክ ድክ የሚል ልጇን ይዛ፤ የመሪጌታው ሚስት ከነልጇ፤ አማቴ አስከትለዋቸው የመጡ የሰፈራችን እናቶች፤ በሩ ላይ ዱላውን ተደግፎ የሚያንጎላጅ ዘበኛ፤ ነርሷ፤ ከከተማ በመኪና የመጣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው። አንዲት ፍየልም ነበረች፤ የማን እንደሆነች ግን እስከ መጨረሻው አልታወቀም።

ሞባይል ገና ቢቸና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ሰውዬውን ሁላችንም ዶክተር አልነው። ዶክተር አለመሆኑን፣ ጥናት ሊሠራ የመጣ መሆኑን ነገረን። እኛ ግን ጋውን ለብሶ ዶክተር አይደለሁም የሚል ሰው ትሑት ቢሆን ነው ብለን የበለጠ አከበርነው። ልጆች ደም ለምን እንደሚያንሳቸው ለማወቅ ከእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ጥቂት ደም ሊወስድ ነው የመጣው።

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና፣ «ደም አንሷቸዋል እያለ ያችኑ ሊቀንስባቸው?» አለችኝ።

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። እኔ በልጄ ጉዳይ ፈሪ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ የማይገባኝን ጭምር፣ እያነበብኩ ነው የምሰጣት። ያን ሰሞን ልጄ የጎረሰችውን ሁሉ ትመልሰው ነበር። ፊቷ ገርጥቶ ክንዷ ቀጥኗል። ከዚያ ክንድ ደም ሲቀዳ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁና እጅጌዋን ወደ ታች ሳብኩት።

ሰውዬው ቀጠለ። «ለጥናቱ ደም የሰጡ ልጆች ቀድመው ይታያሉ። የቀሩት ከተረፈ ጊዜ ይታያሉ።»

የመጣሁት ልጄን ላሳክም ነው። ደሟን መስጠት አልፈልግም። እምቢ ብል ደግሞ ሳትታከም ይዣት ልመለስ ነው።

አማቴ ግን ተነሡ። እኛ ዘንድ እንዲህ ባለ ቦታ ታላቅ ሴት ከመለሰች የሌላው አፍ አይከፈትም። እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለትማ አይታሰብም። እሺ ይባላል፤ ከዚያ ሰው ወደየቤቱ ይገባና እንግዳው ሲጠብቅ ይውላል። በዚያ ቀን ግን ልጆቹም መርፌውም እዚያው ስለነበሩ መግቢያ ቤት አልነበረም።

«እሺ ብለናል፣ የኔ ጌታ!» አሉ አማቴ። «ሁላችንም ፈቅደናል። ለተማረ ሰው ደም ይነፈጋል እንዴ?»

ሰውዬው ደስ ብሎት እጅ ነሣቸው። መርፌ የምትወጋው ነርሷ ናትና ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። የሞጣ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን።

«እማማ፣ የእርስዎን ሰምቻለሁ» አለች። «የሌሎቹን ከየራሳቸው አፍ ልስማ። አንድ በአንድ ይግቡልኝ።»

«የእኔ ቃል አይበቃም?»

«ለእርስዎ ይበቃል፣ እማማ።»

ዘበኛው ከእንቅልፉ ነቃ። በሰፈራችን አማቴን እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረምና ምን እንደሚመጣ ሊያይ ፈለገ።

«ሲስተር፣ ጊዜ አናጥፋ። ፈቅደዋል እኮ» አለ ሰውዬው።

«እማማ ናቸው የፈቀዱት፣ ዶክተር። ሕክምናው ደግሞ ለሁሉም በወረፋው ነው። ደም ሰጠ አልሰጠ አይባልም።»

«ዶክተር አይደለሁም አልኩ እኮ» አለ እሱ።

እኔ ነርሷን አላመንኳትም። ሰው ፊት ስለሆነች ነው፣ በሩ ሲዘጋ ቋንቋዋ ይለወጣል አልኩ በልቤ።

መጀመሪያ አማቴ ገቡ። የልጅ ልጃቸው ጩኸት እስከ መንገዱ ተሰማ። ወጡና በልጁ ክንድ ላይ በጥጥ የተለጠፈውን ፕላስተር ለሁላችን እያዞሩ አሳዩን። «አያችሁ? ምንም አይደል። የእኔ ልጅ ነዋ!» አሉ። ቀጥሎ የመሪጌታው ሚስት ገባች፤ የእሷም ልጅ ፕላስተሩን ይዞ ወጣ። ጎረቤቴ ገባች፤ ፕላስተር። ያቺ ስትቀልድ የነበረች ጎረቤቴ! ከዳችኝ አልኩ። ሁሉም ከሰጡ እኔ ባዶ ክንድ ይዤ በአማቴ ፊት እንዴት አልፋለሁ?

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ነርሷ በሩን ዘጋችና፣ ስለ ደሙ አንድም ቃል ሳትናገር ልጄን አልጋው ላይ አስተኛቻት። ሆዷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ስለምትበላውና ስለሚያስመልሳት ጠየቀችኝ። ሽሮፕ በማንኪያ አጠጣቻት። ሽሮፑ እንዴት መራራ እንደነበር ልጄ ባወጣችው ድምፅ ነው ያወቅኩት። የተቀረውን አሸገችና አሰጣጡን ሁለት ጊዜ አስረዳችኝ። ከዚያ ቁጭ አለች።

«ሕክምናው አለቀ። መድኃኒቱ እጅሽ ላይ ነው፤ ማንም አይቀማሽም» አለችኝ። «አሁን ስለ ደሙ ልጠይቅሽ። ትፈቅጃለሽ ወይስ አትፈቅጂም?»

«እሳቸው ይሰማሉ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማናቸው?»

«አማቴ።»

ከትከት ብላ ሳቀች፤ እጇ እንደ ልማዷ ወደ አፏ ሄደ። «በዚህ ጩኸት ምን ይሰማል ብለሽ ነው?» ከውጭ ደግሞ የአማቴ ድምፅ መጣ፦ «አይዞሽ የኔ ጀግና! ለሀገር ነው!»

«እምቢ» አልኳት። ቃሉን ጮክ ብዬ ለሰው ተናግሬው ስለማላውቅ ለራሴም ገረመኝ። ደግሜ አልኩት። «እምቢ፣ ሲስተር። አቅም የላትም።»

«እሺ» አለች፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ጥጥ ቆረጠች፤ የልጄን እጅጌ ሰብስባ ክንዷ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ሰው እንዳያውቅብሽ። ጉዳዩ የአንቺና የልጅሽ ነው።»

ወጣሁ። አማቴ ልጄን ግንባሯን ሳሟት።

የመጨረሻዋ እናት ከወጣች በኋላ ሰውዬው ግቢውን በሙሉ በፕላስተር የተጌጠ አየውና ልቡ ተነካ። የቢቸና እናቶችን አመሰገነ፣ መረቀን፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። ከዚያ ደሙ የተቀዳባቸውን ብልቃጦች ሊያነሣ ገባ። ሲቆጥራቸው ሰማን። ሲወጣ አንገቱ ቀልቷል።

«ሲስተር፣ የቀሩት ብልቃጦች የት ሄዱ?»

«ያሉት እነዚያ ናቸው።»

«ልጆቹ ሁሉ ፕላስተር አላቸው እኮ!»

«አዎ። ደሙ ደግሞ ከፈቀዱት ነው።»

«ካልፈቀዱ ፕላስተሩ ምን ይሠራል?»

«ያልፈቀደችውን ሰው ጣት እንዳይቀስርባት ይሠራል። የእርስዎ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ነው። ምን ጎደለብዎ?»

ሰውዬው ወደ እኛ ዞረ። «እምቢ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ!»

ማንም አላወጣም። እኔ የልጄን ክንድ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ነርሷም ዓይኗን ወደ ማንኛችንም አልላከችም፤ ፍየሏን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ አማቴ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ሰጥተን እንዴት ጎደለ ይባላል? ስትጭኑት አፍስሳችሁት እንዳይሆን!» አሉት።

ሰውዬው የሰበሰበውን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጅረቷ ዘንድ ልጆቹ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ። የአማቴ የልጅ ልጅ ፕላስተር ራሰና ተላጠ። ክንዱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ምልክት የለም። እኔ አየሁ። አማቴ ማየቴን አዩ።

«የዛሬ መርፌ ምልክት አይተውም» አሉ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

«አዎ፣ እማማ፤ የእኔም ልጅ ላይ አልተወም» አልኩ።

ጥቂት እንደተራመድን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ነው። እኔም ከኋላቸው ሳቅኩ። እሳቸው ግን እስኪያርፉ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የእኛ ቤት ደም ለጥናት እንደተሰጠ ሲያወሩ ኖሩ፤ አንድ ቀንም አላስተባበልኳቸውም። የመሪጌታው ሚስት ከዓመታት በኋላ እንደነገረችኝ እሷ በእውነት ፈቅዳ ነበር። ደም ለምን እንደሚያንስ ማወቅ ይጠቅማል ብላ አስባበት ነው። እሷም ደግ አደረገች። ጎረቤቴን ብጠይቃት እስከ ዛሬ ትስቃለች እንጂ አትመልስም።

ልጄ ሽሮፑን በጀመረች በሳምንቱ ምግብ ይረጋላት ጀመር። አሁን ባል አግብታ ሞጣ ትኖራለች። ነርሷም ብዙ ሳትቆይ ወደ ሞጣ ተዛውራ ነበር። አንዳንዱ በዚያ ቀን ምክንያት ነው አለ፤ ሌላው ወደ እናቷ ለመቅረብ ራሷ ጠይቃ ነው አለ። ልጄ የወለደች ጊዜ ላርሳት በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄጄ አፈላልጌያት ነበር። ሐኪም ቤት ያሉት ለትምህርት ሄዳለች አሉኝ። ገበያ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ደግሞ አምበር አይቻታለሁ አለችኝ። አምበር ድረስ ሰው ላክሁ፤ የሚያውቃት አልተገኘም።

የልጄ ልጅ ጤነኛ ነው፤ እናቱም ደኅና ናት። ይህን እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ቢቸና የሠራች፣ የሞጣ ልጅ የሆነች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ነርስ የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ደኅና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።