የሦስተኛው ፎቅ ቁልፍ

ንጋት፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ

ምሕረት ከምትኖርባት ከዚህች ከሮም ወጣ ካለች ከተማ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣን። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ዲፕሎማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ነርስ ነበረች፤ ሮም ላይ ግን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወለል ትወለውላለች። ኃላፊዋ፣ «ዲፕሎማሽን አጸድቀሽ አምጪ፣ በማግስቱ ነርስ አድርጌ እቀጥርሻለሁ» ብላታለች። ዲፕሎማ የሚያጸድቀው ቢሮ ቀጠሮ ዛሬ ነው። እኔ የመጣሁት ትምህርትና የሰው ለሰው ትስስር የበለጸጉ አገሮችን ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚያሳድጉ ለሚመክር ጉባኤ ነበር። ትቼው ተከተልኳት።

ባቡሩ ውስጥ የጽዳት ሴቶች ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ።

«የመጦሪያውን ሦስተኛ ፎቅ ነርስ ጠፍቶ ዘግተውታል» አለችኝ ምሕረት። «አልጋው ተነጥፎ ተኚ የለውም።»

ጠዋት፣ ቪያ ቮልቱርኖ

በሐዋላ ቤቶችና በስልክ መሸጫዎች መካከል አልፈን ጋሽ ተክሌ ምግብ ቤት ገባን። ሥራ ያላገኙለት ሐበሻ የለም። ፍርፍር አቀረቡልን፤ ሒሳብ ስንል ተቆጡ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ዶኩሜንቲው ተሟላ?» አሏት ምሕረትን።

«ተሟልቷል ጋሽዬ። ያቺ የስምንተኛ ክፍሏ ሰርተፊኬት ብቻ ናት የምታስፈራኝ።»

እሳቸው ለመጣ ሁሉ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ መማርህን ደብቅ፣ የተማረ ሠራተኛ ጥሎ ይሄዳል ብለው አሠሪዎች አይወዱም። ምሕረትም እንደመጣች በመንግሥት መዝገብ አራተኛ ክፍል ነኝ ብላ ተመዘገበች። መዝጋቢዎቹም የማታ ትምህርት አስገቧት፤ በዚያው ስምንተኛን ጨረሰች። ጋሽ ተክሌ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኙላት በተመዘገበች በሳምንቱ ነበር።

«ቫ ቤኔ፣ ግዴለም፣ ማን ያየዋል?» አሉ።

ረፋድ፣ ቢሮው

ጸሐፊዋ አየችው። ዲፕሎማውን አገላበጠች፣ ኮምፒውተሯን ተመለከተች፣ እንደገና ዲፕሎማውን።

«ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሲያበቁ ነው ስምንተኛ ክፍል የተማሩት?»

«ዋሽቼ ነው። ሥራ ለማግኘት።»

«የዋሹት የትኛውን ነው?» አለች ጸሐፊዋ፣ በትሕትና።

ምሕረት መልስ ነበራት፤ ማስረጃ ግን አልነበራትም። ዲፕሎማው ሐሰተኛ እንዳይሆን ይጣራ ተብሎ እዚያው ቀረ። እስከ መቼ ብንል የሚነግረን ጠፋ።

መንገድ ላይ ደሜ ፈላ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጨነቀኝ። ጋሽ ተክሌ ባይኖሩ በረንዳ ላይ ታድር ነበር። እሳቸው ስላሉ ደግሞ ነርስ መሆኗን አገሩ አላወቀም። እኔ ለጉባኤው የጻፍኩት ትስስር ሁሉ በጎ ነው ብዬ ነው። አፈርኩ።

ከሰዓት፣ መጦሪያው

ኃላፊዋ የምሕረትን ፊት አይታ ወደ እንግዶቿ ዞረች። በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ቆሟል። ቦታ የለም አለችው። ምሕረት ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ጣቷ የደም ሥራቸው ላይ አርፎ ሲቆጥር አየሁት።

«ትኩሳት አላቸው» አለችው ልጅየውን። «ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።»

ከዚያ ሽርጧን አሰረች። ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሦስተኛው ፎቅ ይወለወላል። ልጅየው እናቱን እየገፋ ሲሄድ እሷ ባልዲዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወጣች። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ባዶ አልጋዎቹ የተደረደሩበትን ፎቅ ከፈተች።