የቢዮ አዋሌው ዘንዶ እና ቀላቢው

ወደ ቢዮ አዋሌ የሄድኩት ዘንዶ ልገድል አይደለም፤ ዘንዶ የለም ልል ነው። እዚያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አስካለ፣ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ዘንዶ ገብቷል ተብሎ ሰው ሁሉ ስለሸሸ ፍየሎቿ በውሃ ጥም እያለቁባት መሆኑን በሰው ላከችብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ከመጽሐፍ የምጠቅሰው የለኝም። ያየሁትን እጽፋለሁ።

መንገድ ላይ

ጠዋት ከድሬዳዋ፣ ከመጋላ ሰፈር፣ ጨው በጫነ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ተነሳሁ። ጨው ላይ ለሚቀመጥ ሃምሳ ሳንቲም፣ ጋቢና ለሚገባ አንድ ብር ነው። ጋቢና ገባሁ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ እንደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር። ሾፌሩ አብዲ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

“ወሪያ፣ ዘንዶ ምን አላት፤ ትተኛለች። እኛ ጋ ሰውነቱን በዱላ አሽቶ ጅብ የሚሆን ሰው አለ። ማታ ጅብ ነው፣ ጠዋት ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።”

“አይተኸዋል?”

“ሻይ ሲጠጣ አይቻለሁ፣ ወላሂ።”

በመካከላችን የተቀመጡት ሽንኩርት ነጋዴዋ እማማ ዘነበች ሳቁ። “የኛው ጭራቅ ይሻላል። እኛ በሱ ስም ስንንቀጠቀጥ አደግን። አሁን የልጅ ልጆቼን ‘ጭራቅ መጣ’ ስላቸው ‘ይምጣ፣ መብራት እናበራለታለን’ ይሉኛል።”

እኔ አልሳቅሁም። ሦስቱን በሆዴ ሳወዳድር ነበር። ጭራቅ ድሬዳዋ ላይ ሞቷል፤ መብራት ገደለው። ጅብ የሚሆነው ሰውዬ የእውነቱ ጅብ እስከጮኸ ድረስ ይቆያል። ዘንዶው ግን ጉድጓድ ውስጥ ምን በልቶ ይኖራል? በወሬ የሚቀልበው ሰው ከሌለ በቀር አንድ ሳምንት አይቆይም። ንዴቴ በዚያ ቀላቢ ላይ ነበር።

“ቢዮ ማለት በኛ ቋንቋ ውሃ ነው” አለኝ አብዲ ሲያወርደኝ። “ውሃው ግን በአህያ ነው የሚመጣ።”

ጉድጓዱ ዘንድ

የእህቴ ፍየሎች ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ግራር ሥር ደጀኔ የሚባል ሰው አህዮቹን አስቁሞ አንዱን የጋዝ ቆርቆሮ ውሃ በስሙኒ ይሸጣል። የሰፈሩ ሰው ከቦታል።

“ወንድሜ፣ እንዳትጠጋ” አለኝ። “በዓይኔ አይቼዋለሁ። ውፍረቱ የመኪና ጎማ ያህላል።”

“መቼ ነው የገባው?”

“ዝናቡ የቀረ ጊዜ።”

“አህዮቹንስ መቼ ገዛህ?”

ወደ አህዮቹ ዞሮ ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ሽማግሌ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሌላውም ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ግን ወደ ጉድጓዱ አንድ እርምጃ የሄደ የለም።

ሸሚዜን አውልቄ በእርከኑ እየተንጠላጠልኩ ወረድኩ። ያገኘሁት እንቁራሪት፣ የበሰበሰ የቆዳ ባልዲ እና ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ወጥቼ “የለም” አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ በየእርከኑ ሰው ቆሞ ባልዲ ካልተቀባበለ ውሃው ወደ ላይ አይወጣም። እኔና እህቴ ሁለት ነን።

“ፍርሃታችሁን በስሙኒ እየገዛችሁ ትጠጣላችሁ” ብዬ ሰደብኳቸው።

“አቦ፣ አትቆጣ” አሉ ኦቦ ሙሜ። “እኛ የምንፈራው አንተ ያላየኸውን ነው።”

ጭቃዬን ልጠርግ ዞር አልኩ። እህቴ ወደነሱ ሄዳ በኦሮምኛ ጥቂት ተናገረች። ስመለስ ወንዶቹ ተራ በተራ ይወርዳሉ፣ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል። ስድቤ ልብ ሰጣቸው ብዬ ደስ አለኝ። ኦቦ ሙሜ መጥተው ትከሻዬን ያዙ።

“ጀግና ነህ። አንገቱን ነው ወይስ ራሱን የመታኸው?”

እህቴን ለብቻዋ ጠራኋት። “እትዬ፣ ምን አልሻቸው?”

“ገደለው አልኳቸው።”

“ምንም አልነበረም እኮ።”

“የለም ስትላቸው ማን ወረደ? ሞተ ስላቸው ወረዱ። መጀመሪያ ፍየሎቼን እያቸው፣ ከዚያ ተቆጣኝ።”

ፍየሎቹ አፋቸውን ከገንዳው አላነሱም። ባልዲ ተቀብዬ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩላቸው።

መልስ

እዚያው አድሬ በማግስቱ የአብዲን መኪና አገኘሁ። ገና ሳልቀመጥ “ወሪያ፣ ሰማህ?” አለኝ። “አንድ የድሬ ሰው ዘንዶውን በቢላ ገደለው። የዘንዶው ሚስት ግን አምልጣለች። ወደ ሁርሶ።”

“ማን ነገረህ?”

“ደጀኔ። አህዮቹን ይዞ ወደዚያ እየሄደ ነው።”

ሰውየው እኔ እንደሆንኩ ብነግረው ኖሮ ዘንዶው ቁመት ይጨምር ነበር። የጋቢናውን በር ዘጋሁ።

ቤቴ ገብቼ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥቼ ይህን እጽፋለሁ። ጭራቁ ሞቷል፣ ጅቡ እያረጀ ነው፤ አንድ የነበረው ዘንዶ ግን እኔ ሄጄ ሁለት ሆነ። ሁርሶ ዘመድ ያላችሁ ላኩባቸው፤ ጉድጓዳቸውን ከመሸሻቸው በፊት አህዮቹን ይዩ። አንሰማም ካሏችሁ ግን ሞታለች በሏቸው።