ከንግሥቲቱ ኮረብታ የወረደችው ድንጋይ

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሃምሳ ሞልቶኛል፤ እስካሁን ስንት ጨዋታ ሳወራ፣ ስንት ሰው ሳስቅ፣ ይህቺን አንዷን ግን ከአፌ አውጥቻት አላውቅም።

እዚህ አሜሪካ፣ ግሌንዴል ውስጥ፣ ሚስ ኖራ የሚባሉ የአየርላንድ አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወሬያቸው ግን አይጠገብም። በአገራቸው፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ አናቱ ላይ ትልቅ የድንጋይ ክምር ያለበት ኮረብታ አለ። ከክምሩ ሥር የጥንት ንግሥት ጦሯን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ጠላቶቿ አዙራ፣ እንደቆመች ተቀብራለች ይላሉ። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ድንጋይ ይዞ ሄዶ ይጨምርላታል። ከክምሩ ማንሳት ግን መዘዝ አለው። ሚስ ኖራ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ሊመጡ ሲሉ፣ ሆዳቸው አልችል ብሎ አንዷን በኪሳቸው ይዘው ወረዱ። እንቁላል የምታህል ግራጫ ድንጋይ። ራስጌያቸው አስቀምጠዋት ሲተኙ "ደህና እደሪ" ይሏታል።

እኔ ደግሞ ጌታን ከተቀበልኩ ዓመት አልሞላኝም፤ እሳት ነበርኩ። ድንጋይ ማነጋገር ባዕድ አምልኮ ነው ብዬ፣ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ሲያሸልቡ አነሳኋትና "በኢየሱስ ስም" ብዬ በመስኮት ወረወርኳት። ከሕንፃው ጀርባ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ማን ጠየቀኝ? የሰው ንብረት ጥዬ፣ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ፣ እየዘመርኩ ሳህን አጠብኩ።

ለካ በሳምንቱ የወንድማቸው ልጅ ሊመጣ ነው፤ ድንጋይዋን ወስዶ ለንግሥቲቱ ሊመልስላቸው። ሳይሞቱ የቀራቸው ጉዳይ ይኸው ብቻ ነበር። ትራሱን፣ ምንጣፉን በእጃቸው ሲዳብሱ አየሁ። እኔም አብሬ ፈለግኩ። እያወቅኩ፣ ተንበርክኬ አብሬያቸው ፈለግኩ። ቁጥቋጦውን በረዶ ውጦታል። ቼሪ ክሪክ ወረድኩና ከወንዙ ዳር አንድ ግራጫ ድንጋይ አንስቼ፣ አልጋው ሥር አገኘኋት ብዬ ሰጠኋቸው።

በመዳፋቸው አገላበጧት።

"ቀዝቅዛለች" አሉ።

"ወለሉ ነው፣ እማማ።" እማማ ስላቸው ይወዱ ነበር።

"ይሁን፤ እዚያ ኮረብታው ላይም ብርድ ነው" ብለው ሳቁ።

ገብቷቸው ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። የወንድማቸው ልጅ ወሰዳት፤ ከኮረብታው ሲወርድም ደወለላቸው። በዚያው ወር በሰላም ዐረፉ። በረዶው ሲቀልጥ እውነተኛዋን አገኘኋት፤ ከመስፊያ ዕቃዬ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት።

ልጅ ነበርኩ፣ ለእምነቴ ብዬ ነው ልል እችል ነበር። አልልም። መወርወሬን አለማወቅ ልበለው፤ አብሬ መፈለጌን ግን ምን ልበለው? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው። ደስታዬ ግን ይህንን አያነጻልኝም። ይቅር በሉኝ የምላቸው ሰው ደግሞ የሉም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ለልጄ አነበብኩላት። እዚሁ አሜሪካ፣ አውሮራ ተወልዳ ያደገች ናት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "ድንጋይዋ የታለች?" አለች። ሣጥኑን ከፍቼ ሰጠኋት። በሰመር፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ወደ ሚስ ኖራ አገር ሄደች። ኮረብታውን ወጥታ ድንጋይዋን አስቀመጠቻት። የእኔን የቼሪ ክሪክ ድንጋይ ፈልጋ ልታነሳ አልሞከረችም፤ ከዚያ ድንጋይ አይነሳም። ባዶ እጇን ወረደች።