የሱፍ አበባ ከዳር ይፈካል

የያዙኝ ሰበታ፣ ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የደረቀ የእሬት አበባ ወረቀት ላይ እየለጠፍኩ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው "መምህር፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉኝ። ጣቴን የነካኝን ኮላ ልታጠብ ብዬ ጠየቅሁ። "ተወው፣ ቶሎ ትመለሳለህ" አሉ። ኮላው በሦስተኛው ቀን ከጣቴ ላይ ራሱ ተላጠ። እኔ የተመለስኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ያስገቡኝ ድሮ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ቡራዩ መሆኔን ያወቅሁት ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳት "ገፈርሳ፣ ገፈርሳ፣ አንድ ሰው የሞላ!" ሲል ሰምቼ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ሰላሳ ያህል ሰው ተደርድሯል። በሩ ሥር የሽንት ባልዲ አለ። አዲስ ገቢ ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ እኔም ተኛሁ።

በማግስቱ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ከፊቱ ካለው ወረቀት ላይ ቀስ ብሎ አነበበልኝ።

"'ቤት አፍርሶ ችግኝ ለሚተክል፣ ጥላው ለማን ነው?' ያንተ አነጋገር ነው?"

ይህን የተናገርኩት ፉሪ ተራራ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ አበባ ስንለቅም፣ ከታች የፈረሱትን ቤቶች እያየሁ ነው። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤታችን የላብራቶሪ ሠራተኛ። ስድስት ዓመት አብረን ተክል ለቅመን በአልበም አስቀምጠናል። እኔ እመርጣለሁ፣ እሱ ያደርቃል፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ የተክሉን ስም ይጽፍበታል። የልጄ የክርስትና አባት ነው። "አበልጄ" ነው የምንባባለው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እያልኩ ለተማሪ ስንት ጊዜ ተርቻለሁ፤ ደንደሱ እንዲህ የሚያም አልመሰለኝም ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ አበልጄ ገባ። በእኔ ላይ መናገሩም አላዳነውም ማለት ነው። ዓይን ለዓይን ተያየንና ሁለታችንም እንደማይተዋወቅ ሰው ሆንን። እሱ ባልዲው ሥር ተቀመጠ።

ክፍሉ ደንብ ነበረው። ከውጭ የሚያውቀው ሰው ተነስቶ "ሰውየውን አውቀዋለሁ" ካላለለት በቀር፣ አዲስ ገቢ ከሰው ጋር አይበላም፣ ከሰዓት በኋላ በምናደርገው ትምህርት ላይም አይቀመጥም። የሚፈራው ጆሮ ነው፤ ወሬ የሚያቀብል ማለት ነው። ከእኔ በፊት ጆሮ የተባለ አንድ ሰው ተደብድቦ ጥርሱ ረግፎ እንደወጣ ነግረውኛል። ለእኔ የተነሳልኝ የአንድ ተማሪዬ አባት ነበር። ለአበልጄ የሚነሳ ጠፋ። ሦስት ቀን ብቻውን በላ፤ እኔም ሦስት ቀን ጀርባዬን ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ የምናደርገው ትምህርት እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን የሚያስተምርበት ነው። መካኒኩ ስለ ሞተር፣ ጨርቅ ነጋዴው ስለ ጨርቅ ያወራል። በአራተኛው ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ሚስቴ በዚያ ቀን የላከችው አበባ ጎመን ነበር። ጠባቂው የተደበቀ ነገር ሲፈልግ በር ላይ በማንኪያ ቢያማስለውም አንዱ ራስ ሳይፈርስ ቀርቷል። አነሳሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጎመን ነዋ" አሉ።

"አበባ ነው። ሳይፈካ የተቆረጠ። አንድም አይደለም፣ እልፍ ነው።"

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኛው አለቃ፣ የዓለም ገና ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም "ኦቦ" ነው የምንላቸው። ጎመኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። "ስበላው የኖርኩት አበባ ነው በለኛ" አሉ።

ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ ዘንግ ሣልኩ። ጎመን ሲያብብ መጀመሪያ የሚፈካው የታችኛው ነው፤ ጫፉ እያደገ አዲስ እምቡጥ ይጨምራል፤ ታላላቆቹ ከታች፣ ታናናሾቹ ከላይ ናቸው። በዘለላ የሚያብብ ጽጌረዳ ግን ከላይ ይጀምራል። የጫፉ አበባ ከፈካ ዘንጉ ከዚያ አያልፍም፤ የቀሩት ከሥሩ፣ ከጎን ይወጣሉ።

"ከላይ ያለው ቀድሞ ከፈካ እድገት አበቃ ማለት ነው" አሉ ኦቦ። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

ወደ የሱፍ አበባ ተሻገርኩ። አንድ አበባ ይመስላል እንጂ አንድ ትሪ ላይ የተቀመጡ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ነው አልኩ። ይህን ስል ዓይኔ ባልዲው ሥር አረፈ። አበልጄ ጉልበቱን አቅፎ፣ እንደ ቅዳሜዎቹ ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማኛል። አንገቱን እንዲያ ሲያዘነብል ማየት ከክህደቱ በላይ አናደደኝ። የምለው ተምታታብኝ።

"ከመሃል ይጀምርና ወደ ዳር ይፈካል" አልኩ።

"ከዳር ነው" የሚል ድምፅ መጣ። "ከዳር ወደ መሃል ነው አበልጄ።"

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። እሱ ራሱ ከአፉ በወጣው ቃል ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"አበልጄ ነው ያለህ?" አሉኝ ኦቦ።

"አዎ።"

"ታውቀዋለሃ።"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ንገረን መምህር። ሰውየው እንዴት ያለ ነው?"

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ኦቦ ሳያውቁት ማጭዱን አቀበሉኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መካኒኩ እጅጌውን ሲሰበስብ አየሁ። አበልጄ ወለሉን ያያል። በሁለት ወር ውስጥ ይህን ሰዓት ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። አሁንም እመኘው ነበር።

"አበባ ያውቃል" አልኩ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልኩ እሱ ያለው ነው።"

"ሌላስ?"

"ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ ኦቦ።"

ኦቦ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ። የገባቸው ይመስለኛል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ገበያ ላይ ሰው ሲያዩ የኖሩ ናቸው። ምንጣፋቸውን መታ መታ አድርገው ለአበልጄ "ኮቱ፣ ታኢ" አሉት፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። "እዚሁ አጠገቤ። ስትተኛም አጠገቤ ነው የምትተኛው።"

አበባ ጎመኑን ቆራርሼ አደልኩ። የእሱንም ድርሻ ከሌላው ሳላሳንስ ሰጠሁት።

"ለምን አልነገርካቸውም?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ብላ" አልኩት። እስክፈታ ድረስ ሌላ ቃል አልሰጠሁትም።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። እሱ ከእኔ በኋላ ተፈትቶ ሱሉልታ ሄዶ መኖር መጀመሩን ሰምቻለሁ። ይቅር አላልኩትም። ልጄ የክርስትና አባቱን ሲጠይቀኝ ዛሬም ወሬ እቀይራለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አልሸጥኩትም፤ ይህን ያደረግሁት ለእሱ ብዬ አይመስለኝም። መርማሪው ሲያነበው የሰማሁት የራሴ ቃል ነበረ፤ የሌላ ሰው ስም ከእኔ አፍ ወጥቶ እንደዚያ ለመከራ እንዲሰጥ አልፈለግሁም።

አልበሙ ላብራቶሪው ውስጥ አለ። በየገጹ ሥር "ለቃሚዎች" ተብሎ የሁለታችን ስም በእሱ እጅ ተጽፏል። የሱፍ አበባው ገጽ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

"አበባ የሚያውቅ ሰው ነበር" እላቸዋለሁ። ከዚያም ገጹን እገልጣለሁ።