አስቀድሞ የተሰጠ ምርቃት

ዛሬ ዳላስ አጠገብ ዋይሊ ከተማ ያለውን ሱቄን ዘግቼ ዳላስ የሴቶች ቼዝ ውድድር ገባሁ። ተጋጣሚዬ ገና በመክፈቻው ያቀረብኩላትን ወታደር በልታ ሰዓቷን ጠቅ ስታደርግ፣ መርካቶ ቅመም ትሸጥ የነበረችው አክስቴ ትዝ አለችኝ።

ያኔ የሰፈራችን ቼዝ ክበብ የሴቶች ፍጻሜ ነበር። ተጋጣሚዋ ቤተዘመዷን ይዛ መጥታለች፤ አክስቴ እኔን ብቻ። በርበሬ በርበሬ በሚሸት እጇ ወታደሯን ገፍታ አስበላች።

«አክስቴ፣ በነፃ?»

«ምርቃት ነው፤ ዝም በይ። ገበያተኛ ምርቃት ካየች ሚዛኑን አታይም።»

ምርቃት ከሽያጭ በፊት ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። እውነትም ሴትዮዋ በወታደሩ ስትደሰት ንግሥቷ ተበላች። አክስቴ አሸነፈች። ተሸናፊዋን ዘመዶቿ አቅፈው ሲወጡ አዳራሹ ጭር አለ።

«አሸነፍኩ፤ አሁን ለማን ልንገር?»

«ለኔ!»

«አንቺማ አይተሻል። ላየ ሰው ምን ይነገረዋል?» ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

እኔም ዛሬ በዚያው አከፋፈት አሸነፍኩ። ተጋጣሚዬን ባሏና ልጆቿ አቅፈው ወሰዷት። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ገብቼ ስልኬ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየሁ። ደንበኛ ሞልቷል፤ የሚነገረው ሰው አይጠፋም። ስጫወት ያየኝ የኔ ሰው ግን የለም።